ጥለቱን ትተን ድርና ማጉን እንይ፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን «ኔትወርክ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ቅርጾች ትርጉም የላቸውም» የሚል አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አንዱ እዚሁ ደብረ ብርሃን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። «ስትለፈልፍበት የኖርከው ነገር ዛሬ አፈር በላ» ብሎ ከሳቅ ምልክት ጋር ላከልኝ። እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተናደድኩት በሁለተኛው ነው።

ላላነበባችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ኔትወርክ ማለት ነጥቦችና በነጥቦቹ መካከል ያሉ ቀስቶች ናቸው። ነጥቡ ሰው፣ ጂን (ሕዋስ ውስጥ ያለ የዘር መመሪያ)፣ ነርቭ ወይም ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ቀስቱ «ይሄ ያንን ይነካዋል» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እስራኤላዊው ዩሪ አሎንና ባልደረቦቹ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሥራ አወጡ። በብዙ ኔትወርኮች ውስጥ ሦስት ወይም አራት ነጥብ ያላቸው አንዳንድ ትናንሽ ቅርጾች በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ተደጋግመው ይገኛሉ አሉ። ስማቸውንም ሞቲፍ አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው «ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ እነዚህን ትናንሽ ቅርጾች እይ» ማለት ጀመረ። እኔም አንዱ ነኝ።

የጽሑፉ ባለቤት ደግሞ ይህን አይቀበሉም። ሞቲፍን «ጥለት» ብለው ተርጉመው አራት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ቅርጾቹ ደመና ላይ እንደምናየው የበግ ምስል ናቸው። ትልቅ ኔትወርክ ውስጥ የፈለገ ሰው የፈለገውን ያገኛል። ሁለተኛ፣ ቅርጹ እውነት ቢኖር እንኳ ጸባይን አይወስንም። አንዱ ቅርጽ አሥር ዓይነት ሥራ ሊሠራ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሥርዓትን የሚዘውሩት ትልልቆቹ ነጥቦች ናቸው። ትልቁን ነጋዴ ያወቀ ገበያውን አወቀ። አራተኛ፣ ይሄ የባክቴሪያ ሳይንስ ነው። ወደ እድርና ወደ ደቦ ማምጣቱ ፋሽን ነው፣ ለገበሬም አይጠቅም። ከዚያ ሁሉም ሰው የወደደው ማሳረጊያ ይመጣል፦ ጥለት ጌጥ ነው፣ ጋቢን የሚያሞቀው ጥጡ ነው።

ቆንጆ አባባል ናት። የመንዝ ሰው ፊት ባይሏት ግን ይሻል ነበር። እኛ አገር ባና ይሸመናል። ከአንድ በግ የተሸለተ ጸጉር አንዱ ሸማኔ ጋ ሲሄድ ብርድ የማያሳልፍ ባና ይሆናል፣ ሌላው ጋ ሲሄድ ወንፊት ይሆናል። ጸጉሩ ያው ነው። የተለየው ድሩና ማጉ የተያያዙበት መንገድ ነው። እኔም ስለ ትናንሽ ቅርጾች ሳወራ የማወራው ስለዚሁ ነው። ጥለት የሚለውን ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ወደ ደመናው በግ ልመለስ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መቁጠር ብቻውን ምንም አይነግርም። ሺህ ነጥብ ባለው ኔትወርክ ውስጥ ብዙ ዓይነት ቅርጽ ይኖራል። ግን የ2002ቱ ሰዎች ቆጥረው ብቻ አልተቀመጡም። ኔትወርኩን ወሰዱና እያንዳንዱ ነጥብ ስንት ቀስት እንደሚያወጣና ስንት እንደሚቀበል ሳይነኩ፣ ቀስቶቹን ግን በዘፈቀደ አዘበራረቁ። ሠርግ ላይ የእያንዳንዱን ሰው የጥሪ ወረቀት ብዛት ሳይቀንሱ ተጠሪዎቹን እንደማቀያየር ነው። ደጋግመው ይህን አደረጉና እውነተኛውን ከተዘበራረቀው ጋር አስተያዩት።

አንዷን ብቻ ልጥቀስ። ኢ ኮላይ የምትባለው ባክቴሪያ ጂኖቿን የምታዝበት ኔትወርክ በዚያ ጥናት 424 ነጥብና 519 ቀስት ነበረው። የፈለጉት ቅርጽ ይሄ ነው፦ ሀ ለን ያዛል፣ ከዚያ ሀ እና ለ ሁለቱም ሐን ያዛሉ። በእውነተኛው ኔትወርክ 40 ጊዜ ተገኘ። በተዘበራረቁት ውስጥ በአማካይ 7 ጊዜ። ደመና ላይ በግ ያየ ሰው ነገም ከነገ ወዲያም፣ በሌላ ደመናም ላይ በግ ያያል። እዚህ ግን ደመናው ሲበተን በጉ አብሮ ጠፋ። ጸሐፊው ይህችን ማነጻጸሪያ በአንድ ቃል እንኳ አላነሷትም። የክርክሩ ሆድ ግን እሷ ናት።

አሁን የእሳቸውን ድርሻ ልስጥ። ማዘበራረቁ ራሱ የተተቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያው መጽሔት ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች «የምታነጻጽሩበት ዘፈቀደ ልክ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ምሳሌያቸው ሲ ኤሌጋንስ የምትባል የአንዲት ትንሽ ትል ነርቮች ናቸው። በ2002ቱ ቆጠራ በትሏ ኔትወርክ ያው ቅርጽ 125 ጊዜ ተገኝቷል፣ በተዘበራረቀው ደግሞ 90 ገደማ። ብልጫው እንደ ባክቴሪያዋ አይደለም። ነርቭ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገናኘው አጠገቡ ካለው ነርቭ ጋር ነው። ጎረቤታሞች ሲገናኙ ሦስት ማዕዘን በራሱ ይበዛል። መሐል ሜዳ ከተማ የአንድ ሰፈር ሰዎች እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ማንም አቅዶ ሦስት ማዕዘን አልሠራም። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። ብዛቱን ብቻ አይቶ «ተፈጥሮ ለዚህ ሥራ መርጣዋለች» የሚል ሰው ይቸኩላል። እኔም ድሮ ቸኩያለሁ።

ግን ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ቅርጹ ትርጉም የለውም» ይላሉ። እዚህ ላይ መንገድ ሳቱ። አንድ ነገር ለምን መጣ የሚለውና መጥቶ ምን ይሠራል የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው። የጣርማ በር ተራራ ጉም ለማምጣት ብሎ አልቆመም። ቆሟል፣ ጉሙም አለ። ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር «ተራራው በአጋጣሚ ነው የተፈጠረው» ብሎ መብራቱን አያጠፋም።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም የበረታው ስለሆነ ቆየት እልበታለሁ። ቅርጽ ጸባይን አይወስንም ይላሉ። ይሄን ከራሳቸው አላመጡትም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ርዕሱ ራሱ እንዲህ የሚል ነበር። እንግዲህ ከቤት እንጀምር።

አማቼ መንዝ ውስጥ በግ ያረባሉ። ደብረ ብርሃን በግ መወደዱን የሚሰሙት ከሁለት ሰው ነው። ደላላው በቀጥታ ይደውልላቸዋል። ያው ደላላ ለባለ አይሱዙውም ይደውላል። ባለ አይሱዙው ገበያው ድረስ ሄዶ በዓይኑ አይቶ ደግሞ እሱም ለአማቼ ይደውላል። ልብ በሉ፣ ይሄ ያችው የባክቴሪያዋ ቅርጽ ናት። ደላላው ሀ፣ ሾፌሩ ለ፣ አማቼ ሐ። የአማቼ ደንብ አንድ ነው፦ ሁለቱም «ተወዷል» ካላሉ አንድ በግ ከበረት አይወጣም።

ምን ይሆናል? ጠዋት ላይ ዋጋው ዘሎ ከሰዓት የሚወርድ ከሆነ ሾፌሩ ሲደርስ ነገሩ አልቋል። አማቼ ቤታቸው ቁጭ ብለዋል። ዋጋው ሁለት ቀን ከቆየ ግን ሁለቱም ይደውላሉ፣ በጉ ይነዳል። ደላላው «ወደቀ» ካለ ደግሞ ሾፌሩን ሳይጠብቁ ያቆማሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ከቀረ ደንቡ አይሟላማ። ስለዚህ ለመነሳት ይዘገያሉ፣ ለማቆም አይዘገዩም። ወሬ ያጣራሉ። ማንም ይህን ብልሃት ቁጭ ብሎ አላስተማራቸውም፤ «አንድ ምስክር አይበቃም» ከማለት በቀር።

የጎረቤታቸው ደንብ ሌላ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከደወለለት ይነዳል። እሱ ወዲያው ይነሳል፣ ለማቆም ግን ሁለቱም ዝም እስኪሉ ይጠብቃል። ቀስቶቹ ያው ናቸው። ጸባዩ ግን ተገልብጧል።

«አየህ! ቅርጹ አልወሰነም» ይሉኛል ጸሐፊው። አዎ፣ አልወሰነም። እስማማለሁ። ግን ቅርጹ የሠራውን ሥራ ተመልከቱ። ከዚያ በፊት ስለ አማቼ ምን መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ቅርጹን ካየሁ በኋላ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሁለቱንም ይጠብቃሉ ወይስ አንዱ ይበቃቸዋል? ደግሞ ከደላላው ብቻ ቢሰሙ ኖሮ ይሄ ጸባይ አይገኝም ነበር። ያን ጊዜ ወሬውን ለማጣራት ቢፈልጉ ሁልጊዜ ሁለት ቀን መቆየት አለባቸው፣ ዋጋው ሲወድቅም ጭምር። ለመነሳት ዘግይቶ ለማቆም መፍጠን የመጣው ሁለት መንገድ ስላለ ነው። ቅርጽ ዕጣ አያወጣም እንበል። ዕጣው ውስጥ የሚገቡትን ግን ይመርጣል።

ይሄ የአማች ወግ ነው ካላችሁ፣ በሕይወት ባለ ሕዋስ ላይም ተሞክሯል። ኢ ኮላይ አራቢኖስ የሚባለውን ስኳር ለመብላት የምታዘጋጃቸው ጂኖች በባለ ሁለት ምስክሩ ቅርጽ ነው የሚታዘዙት፣ ሁለቱንም በመጠበቅ ደንብ። ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የምትበላባቸው ጂኖች ግን ያ ቅርጽ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሎን ቡድን ለሁለቱም አንድ ዓይነት የረሃብ ምልክት ሰጥቶ ለካ። የላክቶሱ ወዲያው ተነሳ። የአራቢኖሱ 20 ደቂቃ ያህል ዘገየ። ምልክቱ ሲጠፋ ግን የአራቢኖሱም ሳይዘገይ አቆመ። ባክቴሪያዋ እንደ አማቼ ናት። (ይህን ለእሳቸው ነግሬ የተሰጠኝን መልስ እዚህ አልጽፈውም።)

ጸሐፊው አሁንም ልባቸው ካልተነካ ሽንኩርት አለኝ። ሸዋ ሮቢት የወጣ አጎት አለኝ፣ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ሽንኩርት የተወደደ ጊዜ ያ ሁሉ ገበሬ ሽንኩርት ይተክላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወጣና ዋጋው አፈር ይሆናል። በሚቀጥለው ወቅት ማንም አይተክልም። ዋጋው ይሰቀላል። እንደገና ሁሉም ይተክላል። ሰዉ «የሽንኩርት ነገር ቁማር ነው» ይላል። ቁማር ግን አይደለም፤ ሁለት ቀስት ነው። ዋጋ ተካዩን ያበዛል፣ ተካይ ሲበዛ ዋጋውን ያወርዳል።

አሁን ደብረ ብርሃን ኑ። አንድ ፌርማታ ላይ ባጃጅ ሲያንስና ሰው ሲሰለፍ ባጃጆች ይመጣሉ። ሲበዙ ገንዘቡ ይቀንሳል፣ ይበተናሉ። ያው ሁለት ቀስት ነው። ግን የባጃጅ ፌርማታ አንድ ወቅት ባዶ፣ አንድ ወቅት ጢም ሲል አናይም። ለምን? ባጃጁ በአሥር ደቂቃ መልስ ያገኛል። ሽንኩርት ከችግኝ እስከ ምርት አራት ወር ገደማ ይፈልጋል። ገበሬው ዛሬ የሚያየው ዋጋ ከአራት ወር በፊት የተተከለውን ነው የሚነግረው። መልሱ ሲዘገይ ይዋዥቃል፣ ሲፈጥን ይረጋል።

እዚህም ቅርጹ ብቻውን አልወሰነም። ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ቅርጹን ያላየ ሰው ስለ ምን ይጠይቃል? ስለ ዝናብ፣ ስለ ደላላ፣ ስለ ነዳጅ። ቅርጹን ያየ ሰው «መልሱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ይላል። ጸሐፊው «አንዱ ቅርጽ አሥር ሥራ ይሠራል» ሲሉ ቅርጹን የጣሉት ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ አሥሩን ከአሥር ሺህ ለይቶ ላቀረበልኝ አመሰግነዋለሁ።

ስለ ትልልቆቹ ነጥቦች ብዙ አልልም። ትልቅ ነጥብ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አልበርት ላዝሎ ባራባሺና ሬካ አልበርት ብዙ ኔትወርኮች ውስጥ ጥቂት ነጥቦች እጅግ ብዙ ግንኙነት እንደሚይዙ አሳዩ። በዓመቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ኔትወርክ በዘፈቀደ ሲነካ እንደሚቋቋም፣ ትልልቆቹ ተመርጠው ሲመቱ ግን እንደሚፈርስ ጻፉ። የጣርማ በር መንገድ ሲዘጋ ደሴ ድረስ እንደሚጨነቅ እኛም እናውቃለን። ግን ትልቁ ነጥብ የሚነግረን ነገሩ ስንት ሰው ጋ እንደሚደርስ ነው። የደረሰው ሰው ወዲያው ይነሳ ወይስ ይጠብቅ፣ ይርጋ ወይስ ይዋዥቅ አይነግረንም። ትልቁ የበግ ደላላ ለአማቼም ለጎረቤታቸውም የሚደውለው አንድ ሰው ነው። አንዱ ቤቱ ቁጭ ብሏል፣ አንዱ መንገድ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ስለምወደው። ጓሳ በሚባለው የመንዝ ደጋ ሣር ሜዳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ፣ አይጥ አለ። ቀበሮው አይጥ ያድናል። ጭላዳው ሣር ይግጣል። ጭላዳው አይጥ አይበላም፣ ቀበሮውም የጭላዳን ልጅ ተወት አድርጎ መንጋው መሐል ይንጎራደዳል። ታዲያ ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ቀበሮው ጭላዳ መሐል ሆኖ ከሞከረው አደን 67 በመቶው ተሳክቶለታል። ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። ማን ብዙ ይበላል፣ ማን ትልቅ ነው ብለን ብንዘረዝር ይህን አናገኘውም። ጭላዳው በበላተኛ ዝርዝር ውስጥ ለቀበሮውም ለአይጡም ባዳ ነው። ለነገሩ ይሄ በጥብቁ አነጋገር ሞቲፍ አይደለም፤ ተቆጥሮ ከዘፈቀደ ጋር አልተመዘነም። ግን «ትልቁን ብቻ እይ» ለሚል ሰው ይበቃል።

የቀረው «የባክቴሪያ ሳይንስ ነው» የሚለው ነው። ይሄ በታሪክም ስህተት ነው። ሦስት ሦስት እያደረጉ መቁጠር የተጀመረው ከሰው ነው። አሜሪካኖቹ ፖል ሆላንድና ሳሙኤል ላይንሃርት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «ማን ከማን ጋር ይወዳጃል» የሚለውን ለማጥናት ሦስት ሰው በስንት ዓይነት ሊያያዝ እንደሚችል ዘርዝረው ይቆጥሩ ነበር። 16 ዓይነት ነው። ሦስቱም ሰዎች የተያያዙበት 13 ይሆናል፤ የ2002ቱ የባዮሎጂ ሰዎች የቆጠሩት 13 ያው ነው። ስለዚህ እኛ ከባክቴሪያ ተበደርን ሳይሆን ባክቴሪያዋ ከእኛ ተበደረች።

አንድ ነገር ግን ልቀበል። ሰው ጂን አይደለም። አማቼ ነገ ደላላው ቢዋሻቸው ደንባቸውን ይቀይራሉ፤ ጂን ይህን በአንድ ቀን አያደርግም። ስለዚህ ከሕዋስ የተለካ ቁጥር ወስዶ እድር ላይ የሚለጥፍ ሰው ካለ፣ ጸሐፊው ይናገሩት፣ አብሬያቸው እናገራለሁ።

ደቦን ግን ስላነሱ ዝም አልልም። ደቦና ወንፈል የአንድ መንደር ሰዎች፣ የአንድ ማሳ አጨዳ ናቸው። ደቦ አንድ ጠሪ ወደ ሃያ ሰው የሚልክበት ቀስት ነው፤ ጠላውና እንጀራው የጠሪው ነው። ወንፈል ሂዶ ተመላሽ ቀስት ነው፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ፣ ቀን በቀን። ገብሱን ውርጭ በመታው ዓመት ደቦ ይከብዳል፣ ጠላው ከምን ይጠመቃል? ወንፈሉ ይቀጥላል፣ የሚከፈለው በጉልበት ነውና። በሽታ በገባበት ቤት ደግሞ ተቃራኒው ነው። የተኛ ሰው ወንፈል መመለስ አይችልም፣ እህል ካለው ግን ደቦ መጥራት ይችላል። አቅም የሌላት ባልቴት፣ እህልም ጉልበትም ያጠራት፣ ከሁለቱም ትወጣለች። የሰፈሩን ትልቅ ሰው ስም ብትነግሩኝ ይሄን አላውቅም። የቀስቱን አቅጣጫ ብትነግሩኝ አውቃለሁ። አያቶቻችን ለሁለቱ ሁለት ስም ያወጡት ሥራ ፈትተው አልነበረም።

ለገበሬ አይጠቅምም የተባለው ላይ፣ የማውቀው አንድ ገበሬ ነው፣ እሱም አጎቴ። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ጎረቤቶችህ ስንት መደብ የሽንኩርት ችግኝ አፍልተዋል አልኩት። «እኔ ምን አገባኝ፣ የገበያውን ዋጋ ጠይቀኝ» አለ። የገበያው ዋጋ ያለፈውን ነው የሚነግርህ፣ መደቡ የሚመጣውን አልኩት። ዝም አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ራሱ ደወለ። ከቦዩ በላይ ያለውን ቆጥሮ ጨርሷል፣ ከቦዩ በታች ያሉት ሰዎች ግን «ምን ልትሰልል ነው?» ብለው አላስገቡትም። ግማሹን ማሳ ማሾ ላድርገው ይሆን እያለ ነው።